ስድስት ኩንታል ማሽላ

እኔ መኪና የማውቀው በጆሮዬ ነው። ጋራዤ ከባምባሲ የሚመጣው መንገድ አሶሳ ሊገባ ሲል ዳገቱ ራስ ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት መኪና ሥር ተንጋልዬ ሳለሁ የሚያልፈውን ሁሉ ሳላየው እለየዋለሁ። ይሄኛው የፍሬን ሸራ ጨርሷል፤ ያኛው የቢሮ መኪና ነው፣ የራሱ ስላልሆነ ሾፌሩ ጉድጓድ አይመርጥም። ሚስቴ ውድነሽ በዚህ ጉራዬ ትስቅብኛለች። ሰው ሲጠራህ አትሰማም፣ የመኪና ሳል ግን ከባምባሲ ትሰማለህ ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰው መስማት ላይ ደካማ ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘመኑ ክልሉ ገና የተቋቋመበት ነበር። አሶሳ በየሳምንቱ አዲስ ታፔላ ይተከልባት ነበር። ትናንት የሰው ሳሎን የነበረ ክፍል ዛሬ መምሪያ ይሆናል፤ አልጋው ወጥቶ ጠረጴዛ ይገባበታል። ቢሮ ሲበዛ ሠራተኛ በዛ፣ ሠራተኛ ሲበዛ በላተኛ በዛ፣ መኪና ግን አልበዛም። ስለዚህ ከባምባሲ ማንጎውንም ማሽላውንም ዶሮውንም ጸሐፊውንም አንድ ላይ ጭኖ በየቀኑ የሚመላለስ ፒክአፕ ያለው ሰው ንጉሥ ነበር።

ለሜሳ እንዲህ ያለ ንጉሥ ነበር፣ ያውም አንገቱን የደፋ። ወላጆቹ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የከተሙ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጣሁ ነኝ፤ ሙያዬን የለመድኩት በሰፈራ ጣቢያው ትራክተር ሥር ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው ጋሽ እንዳለ ይለኛል። መኪናው ነጭ አሮጌ ሃይሉክስ ናት። ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት ጭነት እንድትችል ብሎ የኋላ ባሌስትራዋ ላይ ሁለት ተጨማሪ የብረት ቅጠል አስገብቶባታል። እሷን የሚነካት ከእኔ በቀር ሌላ መካኒክ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ባምባሲ ግቢው ድረስ ሄጄ ስሠራለት አማቱ ሰንበቴ ድንገት በበሩ ገባች። ለሜሳ ያን ቁመቱን ይዞ መኪናው ሥር፣ እኔ አጠገብ ሾልኮ ገባና ካቻቢቴ ያቀብለኝ ጀመር። ምን ሆነህ ነው ስለው በጆሮዬ አንሾካሾከ። በእነሱ ወግ አማች ከሚስቱ እናት ፊት ለፊት አይቆምም፤ ስሟን አይጠራም፣ የምትለውን አይመልስም። የሚነግራት ነገር ካለው በሌላ ሰው አፍ ነው። በሳቅ ፈነዳሁ። ከዚያ ወዲያ ባገኘሁት ቁጥር አማትህ መጣች እያልኩ አስደነግጠው ነበር። ሰንበቴ ግን ከእኔ ጋር ጨዋታዋ ሌላ ነው። ቆፍጣና፣ ሳቂታ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን የምታዝ ሴት ናት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ የፈለገችውን ለመናገር ግን አንሷት አያውቅም።

የሰንበቴ ልጅ፣ የለሜሳ ሚስት፣ ጋዲሴ ትባላለች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ጨንግፎባታል። በሦስተኛው ስድስተኛ ወሯን ስትይዝ አሶሳ ሐኪም ዘንድ አምጥቷት ነበር። የእንግዴ ልጁ ከታች፣ መውጫው ላይ ተቀምጧል አሏት። ደም ካየሽ በአስቸኳይ ነይ፣ ስትመጪ ግን መንገጫገጭ የለብሽም አሏት። ስምንተኛው ወር ሲገባ አሶሳ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤት ሊያስቀምጣት ተስማምተው ወጡ።

ለሜሳ ከዚያ በቀጥታ ጋራዥ መጣ። የመኪናዋ ሾክ አብዞርበሮች አልቀው ዘይት ማልቀስ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ጉድጓድ ስትመታ ሦስት ጊዜ ትዘላለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ቀይር ስለው ነገ እያለ ያሳልፈኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሳልናገረው፣

"ጋሽ እንዳለ፣ ከባምባሲ አሶሳ ድረስ ሰው የማታነቃ መኪና አድርግልኝ" አለኝ።

መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ዓይነት ሾክ ነበረኝ። አንዱን ያመጣልኝ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የሚነግደው ማህጁብ ነው። ወፍራም፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ጋዝ የተሞላ የጭነት ሾክ ነው። ማህጁብ ሲሰጠኝ በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ "ይቺ ቀዊ ነው፣ ወላሂ። መኪና ይሞታል እንጂ ይቺ አይሞትም" ብሎኝ ነበር። ሁለተኛው ከመርካቶ የመጣ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ጥቁር፣ በዘይት ብቻ የሚሠራ፣ ለስላሳ።

ለሜሳ ሁለቱንም መሬት ላይ አቁሞ በመዳፉ ጫናቸው። ጥቁሩ ቀስ ብሎ ገባለት፣ ቀስ ብሎም ወጣ። በቢጫው ላይ በሙሉ ክብደቱ ተኝቶበት ጥቂት ብቻ ገባ፣ ሲለቀው ገፍቶት ተነሣ። ጥቁሩን አንሥቶ አቀፈውና ይሄ ይሁን አለኝ። ለምን ስለው፣ ለእሷ አለኝ።

እዚህ ላይ ነው እኔ አዋቂነቴ የተነሣብኝ። አስቀምጠው አልኩት። ከዚያም እንደ አስተማሪ ቆሜ አስረዳሁት። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፤ የሾክ ሥራ ባሌስትራው ከተጫነ በኋላ እንዳይፈናጠር መያዝ ነው። ያንተ መኪና ባሌስትራ ተጨምሮበታል፤ በዚያ ላይ በየቀኑ አሥር ኩንታልና ሰው ትጭናለህ። ይህን ጥቁር ሾክ ባምባሲ መንገድ ላይ በዚያ ጭነት ብታስሮጠው በሦስት ወር ዘይቱን ይተፋዋል፣ ከዚያ እንደገና እዚሁ ነህ። ቢጫው ግን ጭነት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ሞኝ አትሁን አልኩት።

"እሷን ስወስዳት ግን አሥር ኩንታል የለም" አለኝ።

ለዚህም መልስ ነበረኝ። ለምን ነገር መልስ አጥቼ አውቃለሁ? ስድስት ኩንታል ማሽላ ቤትህ አስቀምጥ አልኩት። ቀኑ ሲደርስ ጆንያዎቹን ወለሉ ላይ አስተኛቸው፣ ፍራሽ አንጥፍባቸው፣ ጋዲሴን እላዩ ላይ አስተኛትና ቀስ ብለህ ንዳ። መኪናው ክብደት ስላለው አይዘልም፣ እሷም እንቅልፏን ተኝታ ትመጣለች። ለሜሳ እንደ ተማሪ ስድስት ኩንታል፣ ስድስት ኩንታል አለ።

ቢጫዎቹን ገጠምኩ። የሾኮቹን ላስቲኮች፣ ጎሚኖቹን፣ ሁሉ አዲስ አደረግኩ፣ ቡሎኖቹን በራሴ እጅ አጠበቅኩ። ከዚያ ማሽላ ጭነን ሞከርነው። እኔ ጆንያው ላይ ተቀምጬ በብርጭቆ ሻይ ይዤ ነበር፤ ኮሮኮንቹን ሁሉ ሄደን ተመለስን፣ ሻዩ አልፈሰሰም። ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሁ። ጭነቱን አራግፈን ባዶዋንም ሞከርናት። በመጀመሪያው ጉድጓድ ከወለሉ ተነሥቼ ጭንቅላቴ ከጋቢናው ጀርባ ጋር ተጋጨ። የኋላው መዝጊያ፣ ስፖንዳው፣ ተንጫጫ። ለሜሳ ደንግጦ አቆመ። እኔ ግን ጭንቅላቴን እያሻሸሁ ሳቅኩ፤ ባዶዋን ማን ንዳት አለህ አልኩት።

የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ይህን ማወቅ አለበት ብዬ አላሰብኩም።

ወር ከሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የጤና ቢሮ መኪና ሥር ተኝቼ ካምቢዮ እያወረድኩ ሳለ የለሜሳን መኪና ከዳገቱ ሥር ሰማኋት። ስፖንዳዋ ይንጫጫል። ባዶ ናት አልኩ በሆዴ፤ ዛሬ ጭነት አላገኘም ማለት ነው። ጥቂት እንደቀረበች ደግሞ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ባዶ መኪና የሚነዳ ሰው ይከንፋል፣ ይቺ ግን እንደ ቀብር መኪና ትሳባለች። ቀስ እያለች፣ በየጉድጓዱ እየዘለለች።

ከመኪናው ሥር ስወጣ እፊቴ ስታልፍ ደረስኩ። ወለሉ ላይ ፍራሽ አለ፣ ፍራሹ ላይ ጋዲሴ ተኝታለች፣ ሰንበቴ ተንበርክካ የልጇን ወገብ በሁለት እጆቿ ከወለሉ ወደ ላይ አንሥታ ይዛለች። መኪናው በዘለለ ቁጥር ንዝረቱን በክንዷ ልትቀበል ትሞክራለች። ሌላ አንዲት ጎረቤት ራስጌዋ ተቀምጣለች። ጆንያ የሚባል ነገር አልነበረም። ለሜሳ ወደኔ አልዞረም።

መፍቻዬን እዚያው ጥዬ በእግሬ ተከተልኳቸው። ሆስፒታሉ በር ስደርስ ጋዲሴን አስገብተዋታል። ፍራሹን አየሁት፤ ስለ እሱ አልጽፍም። የሆነውን የነገረኝ ከፊት ተቀምጦ የመጣው የለሜሳ ታናሽ ወንድም ዲሳሳ ነው።

ደሙን ያየችው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ለሜሳ እንዳልኩት አደረገ። ስድስቱን ኩንታል እሱና ዲሳሳ ተሸክመው ወለሉ ላይ አስተኙ፣ ፍራሽ አነጠፉ። ጎረቤቱም እንደ ወጉ ተሰበሰበ። ድሮ በሽተኛ በቃሬዛ ሲወሰድ ቃሬዛው ላይ ሌላ ነገር አይደረግም ነበር፤ ትርፍ ጨርቅ እንኳ ይነሣል። አሁን መኪና መጣ እንጂ ልማዱ ያው ነው። በሽተኛ የያዘ መኪና ለበሽተኛው ይለቀቃል፤ ሰውም ዕቃም አብሮ አይጫንም። ክብር ነው። ሰንበቴ ከቤት ልጇን ደግፋ ስትወጣ ያየችው የእህል ጆንያ የተደረደረበትን መኪና ነው።

"ልጄ ገበያ አይሄድም። እህሉን አንሡ" አለች።

ለሜሳ መኪናው ዳር ቆሟል። አፉን ከፈተ አለኝ ዲሳሳ፣ ከፈተና መልሶ ዘጋው። አንገቱን ደፍቶ ለወንድሙ በጆሮው ተናገረ፤ ዲሳሳም ጮክ ብሎ፣ እማማ፣ ጭነቱ ለመኪናው ሲባል ነው አላት። እሷ ደግሞ ለመኪናው ነው ወይስ ለልጄ ብላ መለሰች። ዲሳሳ ሾኩን አያውቅም፣ የሚጨምረው ነገር አጣ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ሰንበቴን ቀና ብሎ ማስረዳት የሚችለው አንድ ለሜሳ ነበር፤ እሱ ደግሞ በወጉ አፉ ታስሯል። ጋዲሴ በሁለት ሴት ተደግፋ ቆማለች፣ ስለ ሾኩ በወንድሙ አፍ ለመዘርዘር ጊዜ የለም። ወንዶቹ ጆንያዎቹን በአንድ ትንፋሽ አራገፉት። አብረው ሊሄዱ ስፖንዳው ላይ የወጡ አምስት ስድስት ጎልማሶችም እንዳያጨናንቋት ብለው ወረዱ። ለልጅቷ ሲሉ፣ በፍቅር፣ መኪናውን ባዶ አደረጉት።

አርባ አምስት ኪሎ ሜትሩን ሁለት ሰዓት ተኩል ነዳው። ከዚያ በላይ ቀስ ማለት አይቻልም።

ጋዲሴ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተች። ሕፃኑ ወንድ ነበር፣ እሱም አልቆየም። ሐኪሙ ወጥቶ ሲነግረን ለሜሳ እንደ ደንቡ ከሰንበቴ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ ነበር። ሰንበቴ መሬት ላይ ወደቀች። እሱ ዞሮ ሊያነሣት አልቻለም፤ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ። እኔ መሐላቸው ቆሜ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዋጋ ቢስነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን ይዘን ወደ ባምባሲ ተመለስን። አሶሳ ያለው የባምባሲ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወጥቷል፤ መኪናው ላይ አሥራ ስድስት ሰው ሆንን። ሳጥኑ መሐላችን ነው፣ ሰንበቴ እጇን ሳጥኑ ላይ ጥላለች፣ እኔ ከኋላ ስፖንዳው ሥር ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያውን ኮሮኮንች ስንገባ ሰውነቴ በልማዱ ዝላዩን ጠበቀ። አልዘለለም። ባሌስትራው ዝቅ አለ፣ ሾኩ ያዘው፣ ቀስ ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ጉድጓድም እንደዚያው። ስፖንዳው ድምፅ የለውም። እጄን ወለሉ ላይ አድርጌ ስሰማው፣ መኪናው ልክ እንደነገርኩት፣ ልክ እንዳሰብኩት እየሠራ ነበር። ለአንድ አፍታ ሥራዬ ማማሩ ታየኝ። በዚያች አፍታ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ግማሽ መንገድ እንደሄድን ሰንበቴ ለቅሶዋን አቆመች። ራሷን ቀና አድርጋ መንገዱን አየች፣ ወለሉን አየች።

"ስንመጣ እንዲህ አልነበረም" አለች። "ያው መንገድ ነው፣ ያው መኪና ነው። አሁን ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?"

ዲሳሳ ዞሮ እኔን አየኝ። የጋቢናው የኋላ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ ለሜሳ እንደሚሰማ ከትከሻው አየሁ። እውነቱ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። አሁን ክብደት ስላለው ነው፣ እማማ። ያን ካልኳት ግን ሁለተኛውን እሷ ራሷ ትጨርሰዋለች፤ ጆንያውን አንሡ ያለው ማን እንደሆነ እኔ መንገር አያስፈልገኝም። ሾፌሩ አሁን ቀስ ብሎ ነው ብላት ደግሞ ጥፋቱ ለሜሳ ላይ ይወድቃል።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ ሰንበቴ" አልኳት። "ሾኩን ስገጥም አበላሽቼዋለሁ። ይኸው አሁን ነው ቦታውን የያዘው።"

አሥራ ስድስት ሰው ሰማኝ፣ ግማሾቹ ደንበኞቼ ናቸው። ሰንበቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሳጥኑ መለሰች። ባምባሲ እስክንደርስ መኪናው አንድ ጊዜ እንኳ አልዘለለም።

ለውድነሽ በማግስቱ ሁሉንም ነገርኳት። ስታለቅስ ቆየችና ዓይኗን ጠርጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ጥቁሮቹ መደርደሪያው ላይ አልነበሩም ወይ? ለሦስት ወር እነሱን ገጥመህለት፣ ከወለደች በኋላ ሲያልቁ ቢጫዎቹን ብትቀይርለት ምን ነበረበት? ዘይታቸውን የሚተፉት በሦስት ወር ነው አላልክም ወይ? እሷ መፍቻ ይዛ አታውቅም። ምንም አልነበረበትም። አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት አልወድም፣ በዚያ ላይ ሰው ምክሬን ሲቃወም አልወድም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ለሜሳ በእጁ ጨብጦ የመረጠላትን ነው እኔ ከእጁ የነጠቅኩት።

የባምባሲ መኪኖች ከዚያ ወዲያ ጋራዤን እያለፉ ሌላ ቦታ መሄድ ጀመሩ። መንገድ ዳር ሆኜ እሰማቸዋለሁ፤ የአንዱ ጎማ ቡሎን ላልቷል፣ የሌላው ባሌስትራ ቅጠሉ ተሰብሯል። እኔ ጠባዬ ይታወቃል፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን ወጥቼ እጮህ ነበር። አሁን ግን ዝም ብዬ እሰማለሁ። ሰንበቴ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች አሉኝ፤ ይገባኛል አልኩ።

ለሜሳ ከአንድ ወር በኋላ መጣ። ከስቶ ነበር። ተቃቅፈን ከቆየን በኋላ ጥቁሮቹን ከመደርደሪያ አውርጄ እግሩ ሥር አስቀመጥኩና ልቀይርልህ አልኩት። ጎንበስ ብሎ አንዱን በመዳፉ ጫነው፤ ቀስ ብሎ ገባለት። ከዚያ መልሶ አቆመው።

"ቢጫዎቹ ይሁኑ" አለኝ። "ስንመለስ አላንገላቷትም።"

መኪናው ላይ ግን ስድስት ኩንታል ማሽላ ተኝቶ ነበር። ለገበያ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን ባዶ ነድቶ አያውቅም። ሰው ሞላም አልሞላም፣ ማንጎ ኖረም አልኖረም፣ ስድስቱ ጆንያ ወለሉ ላይ ናቸው። ተሳፋሪው እግር ማሳረፊያ አሳጣን እያለ ያጉረመርማል። ነቀዝ ሲገባው ማሽላውን አውጥቶ በአዲስ ይተካዋል። ሰዎች ሐዘን ነካክቶታል አሉ።

ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ቀን ከቀትር በፊት የለሜሳ መኪና ጋራዤ በር ላይ ቆመች። ስፖንዳዋ ስላልተንጫጫ አልሰማኋትም። ለሜሳ ከጋቢናው አልወረደም፤ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ መሪውን እንደያዘ ነው። ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ ላይ፣ ሰንበቴ ወረደች። ከእሱ ጋር ጋቢና አብራ መቀመጥ ስለማይሆንላት ሁሌም ከኋላ ነው የምትሳፈረው። አርጅታለች። አሮጌ ጎማ ላይ ነጠላዬን አንጥፌ አስቀመጥኳት።

"የማይሸጠውን ማሽላ ለምን ይቀይራል ብዬ ዲሳሳን ጠየቅኩ" አለችኝ። "ሦስት ቀን ለመንኩት። ከወንድሙ የሰማውን ነገረኝ።"

መፍቻዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ስለዋሸህልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። አሁን ግን አትዋሸኝ። እህሉ ቢኖር ልጄ ይኖር ነበር?"

ዓመቱን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ነው። አላውቅም፣ እማማ፣ አልኳት። ሐኪሙንም ጠይቄው ነበር፣ እሱም አያውቅም። ጥቁሩን ሾክ ስለነጠቅኩትም ነገርኳት፣ ሁሉንም። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከዚያ በእጇ ወደ ጋቢናው አመለከተች።

"እኔ ለእሱ መናገር አልችልም" አለች። "አንተ ንገረው። አንሡ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። እህሉን ያራግፍ በለው። ይበቃዋል በለው።"

ከአምስት እርምጃ የማይበልጥ ነው። ሁሉንም እንደሰማ አውቃለሁ፤ ሄጄ በመስኮቱ ግን ቃል በቃል ነገርኩት፣ ምክንያቱም ወጉ እንደዚያ ነው፣ እኔም በዚያ ወግ ከእንግዲህ አልስቅም። ለሜሳ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። መሪውን አልለቀቀም።

"እሺ በልልኝ" አለኝ። "አክብሬያታለሁ፣ ጥፋት የለባትም በልልኝ። ጭነቱን ግን አልችልም፣ ጋሽ እንዳለ። ባዶዋን ስነዳ ጋዲሴን ከኋላዬ እሰማታለሁ።"

ተመልሼ ይህንንም ቃል በቃል ነገርኳት። አትዋሸኝ ብላኛለችና አልዋሸሁም። ሰንበቴ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ተነሣች፤ ደግፌ ስፖንዳው ላይ አወጣኋት፣ ከጋቢናው ጀርባ ተጠግታ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። መኪናው ተነሣ። ዳገቱን ወርዶ ኮሮኮንቹ ውስጥ እስኪገባ ድረስ መንገዱ ዳር ቆሜ ጆሮዬን ሰጠሁ። ምንም አልተሰማኝም።